ጭቃው መሃል ማን ገባ? የዋልካ አፈር እብጠትና ስንጥቅ ከሥሩ ሲታይ

በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የሚነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሲሰማ ሰው ሁሉ ግድግዳውን መመርመር ጀመረ። እኔም ባትሪ ይዤ ቤቴን ዞርኩ። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ አገኘሁ። የአንድ ብር ሳንቲም ጠርዙ ይገባበታል። "በቃ፣ ቤቴ ተሰነጠቀ" ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

በማግስቱ የጠራኋቸው ፎርማን ዕድሜያቸውን በግንባታ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስንጥቁን በባትሪ አዩት። በሚስማር ጫር ጫር አደረጉት። "ይሄ የዘንድሮ አይደለም" አሉኝ። "ውስጡ አቧራ አለው፣ የሸረሪት ድርም አለው። እስቲ አስታውስ፤ በጋ ላይ ሰፋ፣ ክረምት ላይ ጠበብ አይልም ነበር?" ለካ ይል ነበር። ሳላስተውለው ኖሬያለሁ።

"ታዲያ ምንድነው ጋሼ?"

"ዋልካ ነዋ! ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይሰነጠቃል።"

መልሳቸው ልክ ነው። ግን አፈር ለምን ይጠማል? ለምን ያኛው አፈር ያብጣል፣ ይሄኛው ደግሞ ዝም ይላል? ነገሩን ስከታተለው የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ በሆነ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ገባሁ። እዚያ ክፍተት ውስጥ የተቀመጠችው ቅንጣት ማን እንደሆነች ካወቅን አብዛኛው ነገር ይገባናል።

ዋልካ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከአዳማ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ ስንሄድ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር አለ። ክረምት ላይ ጫማ አይለቅም። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ዋልካ እሱ ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል።

አዳማ ግን ከዳር እስከ ዳር ዋልካ አይደለችም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላለች እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ቀላሉ ፑሚስ ድንጋይ የበዛበት ሰፈርም አለ። ውሃ የሚተኛበት ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ጭቃው ይበዛል። ስለዚህ "ጎረቤቴ በዚህ መሠረት ሠርቶ ምንም አልሆነም" ማለት ብዙም አያስተማምንም።

በሳይንሱ አነጋገር ሸክላ የሚባሉት ከ2 ማይክሮሜትር (አንዱ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሱ የአፈር ቅንጣቶች ናቸው። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ለሲኒ መሥሪያ የሚሆነው ነጭ ካኦሊን ውሃ ቢጠጣም ይህን ያህል አያብጥም። ዋልካ ውስጥ የበዛው ሌላ ነው፤ ስሜክታይት ይባላል። የታወቀው ዓይነቱ ሞንትሞሪሎናይት ነው።

ጭቃ ውስጥ ምን ተደራርቧል?

ኮምፔንሳቶ አይታችኋል። ሦስት ስስ ጣውላዎች ተጣብቀው አንድ ሰሌዳ ይሆናሉ። የስሜክታይት አንዱ ንጣፍም እንደዚያው ነው። ላይና ታቹ ሲሊከንና ኦክስጅን፣ መሃሉ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው። ሦስቱ ተጣብቀው የአንድ ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ውፍረት አላቸው። አንድ የወረቀት ገጽ የሚያህል ውፍረት ለማግኘት መቶ ሺህ ያህሉን መደራረብ ያስፈልጋል።

ቅጥነቱ ስፋት ያመጣል። 10 ግራም ንጹሕ ሞንትሞሪሎናይት ወስደን የንጣፎቹን ገጽ ላይና ታች ብንደምረው ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ውሃ የሚያርፈው በዚህ ሁሉ ገጽ ላይ ነው።

አንድ ነገር ያዙልኝ። የንጣፉ ገጽ ልሙጥ አይደለም። ኦክስጅኖቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ሠርተው ተደርድረዋል፤ በየቀለበቱ መሃል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ልክ እንደ ማር እንጀራ። እነዚህ ጎድጓዳዎች በኋላ ትልቅ ሥራ አላቸው።

መሃል የሚገባው ማን ነው? ለምንስ ይገባል?

ንጣፉ ሲሠራ አንዳንድ ቦታ ላይ የአቶም ልውውጥ ይደረጋል። በሲሊከን ፈንታ አሉሚኒየም፣ በአሉሚኒየም ፈንታ ማግኒዚየም ይገባል። ሲሊከን አራት ፖዘቲቭ ቻርጅ ሲይዝ አሉሚኒየም ሦስት፣ ማግኒዚየም ሁለት ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሂሳቡ ይጎድላል፤ ንጣፉ በአጠቃላይ ኔጋቲቭ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉድለት የሚሞሉት በንጣፎቹ መሃል የሚገቡ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው አቶሞች ናቸው። ካታዮን ይባላሉ። አፈር ውስጥ የምናገኛቸው በዋናነት ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው። እንደ ባጃጅ ተሳፋሪ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይገባል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ባለ ሁለት ቻርጅ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የሁለት ሰው ቦታ ይይዛሉ። ንጣፉ ሳይነካ ተሳፋሪው ብቻ ይቀየራል። ኖራም፣ ማዳበሪያም፣ የመስኖ ውሃም አፈርን የሚቀይሩት በዚህ በር ገብተው ነው።

ተሳፋሪው አደራደሩን እንዴት ይወስናል?

እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር አካባቢ እንቁላል የምትሸጥ ሴት አለች። ትሪዎቿን ስትደራርብ ቆሜ አይቻታለሁ። የታችኛው ትሪ በእንቁላል ተሞልቷል። የላይኛውን ስታስቀምጥ ዝም ብላ አትጥለውም። ዞር ታደርገዋለች፣ ሳብ ታደርገዋለች፤ የእንቁላሎቹ አናት ከላይኛው ትሪ ሆድ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ሲያገኝ እጇ ላይ ይታወቃታል። ከዚያ ወዲያ ቢገፋም አይንሸራተትም።

እንቁላሉ ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ውሃን አጥብቆ አይዝም፤ ሲደርቅ ቶሎ ይለቀዋል። ራቁቱን ሲቀር ስፋቱ 0.27 ናኖሜትር ገደማ ነው። የማር እንጀራው ጎድጓዳም ያንኑ ያህላል። ስለዚህ ግማሽ አካሉን የታችኛው ንጣፍ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ግማሹን የላይኛው ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። ያ እንዲሆን ግን የሁለቱ ንጣፎች ጎድጓዳ ፊት ለፊት መገጠም አለበት። በዚህ የተነሳ ንጣፎቹ በሥርዓት ይደረደራሉ።

ሚካ የሚባለውን፣ በጥፍር ቅጠል ቅጠል እያለ የሚላጠውን የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አስቡት። እሱ በፖታሲየም የተቆለፈ ቁልል ነው። አሠራሩን አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳትሞታል። ጎድጓዳው ስድስት ማዕዘን ስለሆነ የላይኛው ንጣፍ በ60 ዲግሪ፣ በ120 ዲግሪ እያለ ቢዞርም ይገጥማል። የሚካ ዝርያዎች በአደራደር የሚለያዩት በዚህ ነው። ሁሉም ሥርዓት አላቸው፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

አሁን ሶዲየምን እንየው። ራቁቱን ከሆነ ከፖታሲየም ያንሳል። ችግሩ ራቁቱን አይገኝም፤ ውሃን ከፖታሲየም የበለጠ አጥብቆ ይይዛል። እንቁላሉን በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ትሪው ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። የላይኛው ትሪም ከሥሩ ጎድጓዳ መኖሩን አያውቀውም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢዞር፣ ወደ ፊትም ቢገፋ የሚይዘው የለም። ካልሲየምና ማግኒዚየም ደግሞ ከሶዲየምም ብሰው ውሃን ይጠቀለላሉ።

በስሜክታይት ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። እናቶቻችን ከምጣድ ላይ ያወጡትን እንጀራ መሶብ ላይ ሲደራርቡ እናስብ። ሁሉም እንጀራ አግድም ተኝቷል። ዳር ዳሩም ተገጣጥሟል። የአንዱ እንጀራ ዓይን ግን ከሌላው ዓይን ጋር አይገጥምም፤ እያንዳንዱ በወደቀበት አቅጣጫ ነው ያለው። ቁልል አለ፣ በንጣፍና በንጣፍ መሃል ግን ስምምነት የለም።

ተሳፋሪው ብቻውን ግን አይወስንም። የንጣፉ የራሱ ጉድለት መጠንና ቦታም ይቆጠራል። ሚካ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ገጹ አጠገብ ነው። ስለዚህ ፖታሲየምን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሞንትሞሪሎናይት ግን ጉድለቱ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም መሃለኛው ረድፍ ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ አያያዙ ለስላሳ ነው።

በሁለቱ መሃል ቨርሚኩላይት የሚባል አለ። ማግኒዚየም ስድስት የውሃ ሞለኪውሎችን በዙሪያው በሥርዓት አቁሞ ይገባበታል። ውሃዎቹ ላይና ታች ያሉትን ኦክስጅኖች ይነካሉ። ስለዚህ ንጣፎቹ እንደፈለጉ አይዞሩም፤ ሲንሸራተቱም የተወሰነ እርምጃ፣ የማር እንጀራው ንድፍ ከሚደጋገምበት ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው የሚንሸራተቱት። ግማሽ ሥርዓት ልንለው እንችላለን።

ዓይን የማያየውን በምን አወቁት?

በራጅ። ሐኪም ቤት አጥንት የሚታይበት ጨረር ዱቄት በሆነ ሸክላ ላይ ሲያርፍ በንጣፎቹ እየተመለሰ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ይደምቃል። ከአቅጣጫው ተነስቶ በንጣፎቹ መሃል ያለውን ርቀት ማስላት ይቻላል። የሞንትሞሪሎናይትን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርመን ውስጥ ኬሚስቱ ሆፍማንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት በዚህ መንገድ ነው።

ቁጥሮቹ ያስደንቃሉ። ደረቅ ስሜክታይት ከአንዱ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ አንድ ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ ረድፍ ውሃ ሲገባ 1.25 ይሆናል። ሁለተኛ ሲጨመር 1.5፣ ሦስተኛ ሲጨመር ወደ 1.9 ይደርሳል። ቀስ እያለ አይደለም የሚያድገው፤ በደረጃ ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። በንጣፎች መሃል ያለው ርቀት እኩል መሆኑና ንጣፎቹ በአቅጣጫ መግጠማቸው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመሶቡ እንጀራ ውፍረቱ እኩል ሊሆን ይችላል፤ ዓይኑ ግን አይገጥምም። ራጁ ሁለቱን ለይቶ ያሳያል። ንጣፎቹ ከገጠሙ ጨረሩ የሚደምቅባቸው መስመሮች ስል ሆነው ይወጣሉ፤ አብሮ እንደሚያጨበጭብ ሰው ድምፁ አንድ ይሆናል። ካልገጠሙ አንዳንዶቹ መስመሮች በአንድ በኩል ቀጥ ብለው ተነስተው በሌላው በኩል ጅራት እየጎተቱ ይወርዳሉ። ያ ጅራት የመዘበራረቅ ምልክት ነው።

ይሄ ከቤቴ ግድግዳ ጋር ምን አገናኘው?

የተቆለፈ ቁልል ውሃ አያስገባም። ያልተቆለፈው ያስገባል። ከ1 ወደ 1.5 ናኖሜትር ማለት ቁልሉ በግማሽ ወፈረ ማለት ነው። በቁልሎቹ መሃል ያለው ቀዳዳም ውሃ ስለሚይዝ እብጠቱ በዚያ ላይ ይጨመራል። ይህ ሁሉ ከመሠረቱ ሥር ሲሆን ብሎኬት ይነሳል። በጋ ሲመጣ ውሃው ይወጣል፤ መሬቱ ይሰበሰባል፤ ግድግዳው በአንድ በኩል ይሰምጣል። ስንጥቁ ከመስኮትና ከበር ጥግ የሚጀምረው ግድግዳው እዚያ ላይ ስለሚሳሳ ነው።

ካልሲየም ያለበት ስሜክታይት 1.9 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ባለ ሁለት ቻርጅ ስለሆነ ሁለቱን ንጣፎች በሁለት እጁ ይዞ አይለቅም። ሶዲየም ግን ውሃው ብዙ ከሆነና ጨው ካልበዛበት ይለቃል። ንጣፎቹ ከአራት ናኖሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ይንሳፈፋሉ። ቁልል የሚባል ነገር አይኖርም። ሶዲየም የበዛበት አፈር ክረምት ላይ ሾርባ፣ በጋ ላይ ሲሚንቶ የሚሆነው በዚህ ነው።

ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው። የአካባቢያችን የከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው ሶዲየም የበዛበትና ካልሲየም ያነሰበት ነው። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር። እንዲህ ያለ ውሃ ጓሮ ሲጠጣ ከጊዜ በኋላ ካልሲየሙ ከንጣፎቹ መሃል ይወርድና ሶዲየም ይሳፈራል። በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች ላይ መሬት በጨው ሲበላሽ የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። የግድግዳዬ ስንጥቅ ያሳስበኛል፣ የገበሬው ማሳ ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ቤት ይጠገናል፤ ሶዲየም የጠገበ መሬት ወደ ነበረበት ለመመለስ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ታዲያ ፖታሲየም ብንጨምርበትስ?

እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነበር። ይሠራል፣ ግን በከፊል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፖታሲየም የገባበትን ሞንትሞሪሎናይት ደጋግመው አረጠቡት፣ ደጋግመው አደረቁት። በእያንዳንዱ ዙር ንጣፎቹ ጥቂት ጥቂት እየዞሩ ጎድጓዳ ለጎድጓዳ መግጠም ጀመሩ። እንቁላል ሻጯ ትሪውን ዞር ዞር እንደምታደርገው ማለት ነው። መድረቁ ይጎትታቸዋል፣ መርጠቡ ላላ አድርጎ ሌላ ዕድል ይሰጣቸዋል። የገጠሙት ተመልሰው በቀላሉ አይከፈቱም። ጉድለቱ ጥቂት የሆነው ስሜክታይት ግን ሙሉ በሙሉ ሚካ አይሆንም፤ የተቆለፈና ያልተቆለፈ ቦታ ተቀላቅሎ ይቀራል። ተፈጥሮ ከመሬት ሥር በሙቀትና በረጅም ዘመን ይህንኑ ሥራ ስትሠራ ስሜክታይት ቀስ በቀስ ኢላይት ወደሚባል የማያብጥ ሸክላ ይለወጣል።

የጉድጓድ ቆፋሪዎች የሚያብጥ ድንጋይ ሲገጥማቸው ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨምራሉ። ለቤት መሠረት ግን ዋጋው አይቀመስም፤ ፖታሲየም ለሰብል የሚፈለግ ማዳበሪያ ነው። ገበሬም የሚያውቀው ጎን አለው። ፖታሲየምና በስፋቱ እሱን የሚመስለው፣ ናይትሮጅን የያዘው አሞኒየም በጎድጓዳዎቹ ውስጥ ተቆልፈው ለሰብሉ ሳይደርሱ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ከፖታሲየም የሚተልቀውና ውሃን ከእሱም ይበልጥ ላላ አድርጎ የሚይዘው ሲዝየም ይብሳል። ከቼርኖቤልና ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋዎች በኋላ ሬዲዮአክቲቭ ሲዝየም በአፈሩ የላይኛው ክፍል ተይዞ የቀረው ኢላይትን የመሰሉ ሸክላዎች ስለቆለፉት ነው።

ኖራው ምን ያደርጋል?

መንገድ ሠሪዎች ዋልካ ላይ ሲደርሱ ወይ ቆርጠው አውጥተው በሲኖትራክ ሰሌክት፣ ማለትም የተመረጠ የማያብጥ አፈር ያስገባሉ፣ ወይ ኖራ ያቀላቅሉበታል። ኖራ ካልሲየም ነው። በሰዓታት ውስጥ ሶዲየሙን አስወርዶ ራሱ ይሳፈራል። የተበታተኑት ንጣፎች ተቀራርበው ይደረደራሉ። አደራደራቸው እንደ ሚካ አይሆንም፤ እንደ መሶቡ እንጀራ ነው። ግን ይያያዛሉ። ጭቃው እጅ ላይ መጣበቁን ትቶ ይፈረካከሳል። ከዚያ በኋላ ኖራው ከሸክላው ሲሊከንና አሉሚኒየም ጋር እየተዋሐደ ሲሚንቶ የመሰለ ማጣበቂያ ይሠራል፤ ይሄኛው ወራት ይፈልጋል።

የእኔን ቤት ፎርማኑ ኖራ አላሉትም። የጣሪያውን ውሃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ አሠሩኝ፤ አጥሩ ሥር ስደፋው የኖርኩትን የልብስ እጣቢም አስቆሙኝ። መሬቱ እኩል ረጥቦ እኩል ከደረቀ ግድግዳው ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው አንዱ ጥግ ሰክሮ ሌላው ሲጠማ ነው።

ካልሲየሙ የሚሠራውን ግን በዓይኔ ለማየት ፈለግሁ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ወሰድኩ። ሁለቱም ውስጥ የዝናብ ውሃና እኩል ማንኪያ ዋልካ ጨምሬ በደንብ በጠበጥኩ። አንዱ ላይ በጥፍር የምትያዝ ኖራ ጣል አደረግሁ፤ ኖራ ዓይንና እጅ ስለሚያቃጥል በጓንት ነው። መስኮቱ ላይ፣ ስንጥቁ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ኖራ ያለበት ወዲያው እንደ ቆረጠ ወተት ጉብጉብ ሠራ። እየቆየ ጉብጉቡ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ጠርቶ፣ ጭቃው ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ተኝቶ ነበር። ሌላው ሃይላንድ ውስጥ ከባዱ አሸዋ ብቻ ነው የወረደው። ውሃው በሦስተኛው ቀን እንኳ ሻይ በወተት ይመስል ነበር፤ ንጣፎቹ አሁንም ተለያይተው ይንሳፈፋሉ።